በባለጸጋ አገር ስለሚኖር ልጅ፥ ለቤተሰቡ የተሰጠ ምክር

በአሪ ምድር፥ ከጂንካ ብዙ ሳትርቅ የምትገኘው ገዘር፥ እንሰትና ቡና፥ ማርና ኮረሪማ ከሚበቅልበትና ከሚገኝበት አገር ናት። በዚያ እናት ወደ ገበያ በሄደች ጊዜ ሕፃኑን አያቱ ወይም ጎረቤት ይጠብቀዋል፤ ስለ ጠበቀም ዋጋ አይጠየቅም። ይህን የመሰለው መረዳዳት በገንዘብ ስለማይቆጠር ሀብት መሆኑ ይዘነጋል።

አሜሪካ ታላቅና ባለጸጋ አገር መሆንዋ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ በዝምድና የሚገኘው ነገር በዚያ በገንዘብ ይገዛል። የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ የወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከዚህ አብልጠው የወሰኑ ግዛቶችም ብዙ ናቸው። በዝቅተኛው ደመወዝ በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው 290 ዶላር ያገኛል። ከዚህም ላይ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና 22 ዶላር ያህል ይቀነሳል። በቀረው የቤት ኪራይ፥ የምግብ፥ የሕክምናና የሕፃናት ጠባቂ ዋጋ ይከፈላል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ አገር የኑሮ ዋጋ ከቀደመው ዓመት ከመቶ 9.1 እጅ ጨምሮ፥ በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ሆኖ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ አስቀድሞ በ57 ብር ግድም ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህን የሰማ ቤተሰብ በውጭ ያለው ልጁ ሀብቱ እጥፍ የሆነ ቢመስለው አያስደንቅም። ልጁ ግን ደመወዙን የሚቀበለው በዶላር፥ ኪራዩንም የሚከፍለው በዶላር ስለ ሆነ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረለትም። የበዛው የላከው ገንዘብ በብር ሲቆጠር ብቻ ነው፤ ከእርሱም ከፊሉን በዚህ ያለው የገበያ መወደድ መልሶ ይወስደዋል።

ስለዚህ ወላጅ «ላክልን» ከማለቱ አስቀድሞ «ኑሮህ እንደ ምን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ልጅም ችግሩን ባማረ ፎቶግራፍ ከመሸፈን ይልቅ ገቢና ወጪውን በግልጽ ይንገር። እውነቱን ያልሰማ ወላጅ ልጁ ንፉግ የሆነ ይመስለዋል፤ እውነቱን የደበቀ ልጅም በብድር እየላከ ዕዳ ያከማቻል፤ በዚህም ፍቅር ይጎዳል። ለትምህርትና ለሕክምና የሚያስፈልገውን ከድግስ ወጪ ለይተው፥ በዓመት የሚላከውን ገንዘብ አስቀድመው ቢወስኑ ግን፥ ላኪው ዕዳ ውስጥ ሳይገባ፥ ተቀባዩም ሳያዝን መኖር ይቻላል።