ከሥላሴ ደጃፍ ያረፉት እንግሊዛዊት

ከመካነ ሰላም የተነሳ መኪና አቀስታንና ጉጉፍቱን አልፎ ደሴ ሲገባ፣ ከተሳፋሪው መሐል ለትምህርት የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። «የት ልትማር?» ቢሉት አንዲት ቃል ልትበቃው ትችላለች፦ «ስህን»። ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በስማቸው የተጠራው የደሴ ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። በእኛ አገር የሴት መታሰቢያ ከነሐስ ሐውልት ይልቅ ጥቁር ሰሌዳ ወይም የሕመምተኛ አልጋ መሆን ይቀናዋል።

ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ሴት መታሰቢያ የሚፈልግ ሰውም ለንደን ድረስ መሄድ አያሻውም። አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፊት ለፊት፣ ጣሊያንን የተፋለሙ አርበኞች ባረፉበት ስፍራ የሲልቪያ ፓንክኸርስት መቃብር አለ። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው፤ የመስቀል ዕለት። ቀብራቸውም በመንግሥት ደረጃ ተፈጸመ።

ሲልቪያ ሠዓሊ ነበሩ። እናታቸው ኤምሊን የእንግሊዝ ሴቶችን የምርጫ ትግል ሲመሩ፣ ልጅየዋ የብሩሹን ሥራ ለትግሉ አዋሉት። ታስረው ለወጡ ሴቶች የሚሰጠውን የደረት ጌጥ ንድፍ ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ የፓርላማውን የብረት መዝጊያ የሚያሳይ ትንሽ የብር ሥራ፣ መሐሉ ላይ የእስረኛ ልብስ ምልክት የሆነው ቀስት። ራሳቸውም ደጋግመው ወህኒ ወርደዋል። እህል አልቀምስም ሲሉ ጠባቂዎች ጨምድደው ይዘው፣ መንጋጋቸውን በብረት ፈልቅቀው፣ በጎማ ቱቦ ምግብ ያወርዱባቸው ነበር። የእንግሊዝ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ያገኙት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። የእናትየው ሐውልት ከሁለት ዓመት በኋላ በፓርላማው አጠገብ ቆመ። ሲልቪያ ግን ያን ጊዜ ልባቸው ወደ ሌላ ትግል እያመራ ነበር።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተሳለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም አልተረፈም። በዚያው ዓመት ሲልቪያ በለንደን ዳርቻ፣ በሚኖሩበት በዉድፎርድ፣ የአየር ድብደባን የሚያወግዝ ሐውልት አቆሙ። ቅርጹ ቦምብ ነው፤ ከሰማይ ተወርውሮ የተተከለ የሚመስል የድንጋይ ቦምብ። ሚያዝያ 27፣ ፋሺስት አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣቸውን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ»ን ጀመሩ። ጋዜጣው ከወረራውም በኋላ ለዓመታት ቀጥሏል።

ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው ነበር። አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በስማቸው ለሚሠራው ሆስፒታል በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ያሰባሰቡት ሲልቪያ ናቸው። ልዕልቷ የእቴጌ መነን ልጅ፣ የወይዘሮ ስህን የልጅ ልጅ መሆናቸው ልብ ይሏል።

ሲልቪያ በ1948 ዓ.ም. ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የወጣውም በዚያው ዓመት ነው፤ ዕድሜው 21 የሞላ፣ ሴትም ወንድም፣ እንዲመርጥ ፈቀደ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተካሄደው ምርጫ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት፣ በአርበኝነታቸው ጣሊያን አገር ታስረው የተመለሱት ደራሲዋ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ። በወጣትነታቸው ለመምረጥ ሲሉ የታሰሩት የ75 ዓመቷ ሲልቪያ ይህን ያዩት ከዚሁ ከተማ ሆነው ነው።

የመታሰቢያዎቹ ስም ዕጣ ግን አንድ አልሆነም። የመነን ትምህርት ቤት በደርግ ዘመን የካቲት 12 ተባለ። የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የጦር ኃይሎች ሆነ፤ ዛሬ የታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ሲጣራ ልዕልቷ ትዝ የሚሉት ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ደሴ ላይ ግን አንዱ ከኋላ ወንበር «ስህን ጋ ወራጅ አለ» ሲል፣ ሾፌሩ የቱ ጋ እንደሚያቆም አይጠይቅም።