የአሮጌ ላንድሮቨር ፍሬቻ ሲበላሽ፦ ፍላሸር ከመግዛት በፊት ሊመረመር የሚገባው

ላንድሮቨር የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በጭቃና በዳገት መንገድ ዕቃና ሰው በማመላለስ የታወቀ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ከ1971 እስከ 1985 የተሠራ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በሥራ ላይ የሚገኘው ሁሉ ዕድሜው አርባ ዓመት ያህል የደረሰ ወይም ያለፈ ነው። የእንዲህ ያለው መኪና ሞተር በደኅና ቢጠገንም የኤሌክትሪክ መሥመሩ ያረጃል፤ ከሁሉም አስቀድሞ ባለቤቱን የሚያስቸግረው ፍሬቻው ነው።

ባለ መኪናው ፍሬቻው አልሠራ ባለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ፍላሸር ይገዛል። ፍላሸሩ ተለውጦም ጉድለቱ እንዳለ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ገዥው ገንዘቡን ያባክናል፤ ባለ ሱቁም የማይሠራ ዕቃ ሸጧል ተብሎ ይወቀሳል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከፋው ግን በመንገድ ላይ የሚደርሰው ነው። ዕቃ የጫነ መኪና ምልክት ሳያሳይ ወደ ግራ ሲታጠፍ፥ ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና በዚያው በግራ በኩል ሊቀድመው ቢነሣ ሁለቱም አደጋ ላይ ይወድቃሉ።

ጉድለቱን ለማግኘት አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል። ፍሬቻ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ፍላጻ ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከባትሪው ተነሥቶ በሞተር ማስነሻው ቁልፍና በፊውዙ አልፎ ወደ ፍላሸሩ ይደርሳል። ከፍላሸሩም ከመሪው ሥር ወዳለው የፍሬቻ እጀታ፥ ከዚያም እጀታው ወደ ታዘዘበት ወገን አምፖሎች ይሄዳል። ወደ ባትሪው የሚመለሰው ግን በመኪናው አካልና በሻንሲው ብረት በኩል ነው። በሦስተኛው ዓይነት ላንድሮቨር ላይ የግራው ሽቦ አረንጓዴ ሆኖ ቀይ መሥመር ያለበት፥ የቀኙ ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ መሥመር ያለበት ነው። ጥቁሩ ሽቦ ኃይሉ ወደ መኪናው ብረት የሚመለስበት ነው።

የቀድሞው ፍላሸር በሙቀት የሚሠራ ነው። ኃይል ሲያልፍበት በውስጡ ያለው ስስ ብረት ይሞቅና መሥመሩን ይቆርጣል፤ ሲቀዘቅዝም መልሶ ያገናኛል። ስለዚህ ፍጥነቱ በሚያልፍበት ኃይል መጠን ይወሰናል። በአንድ ወገን ያሉት የፊትና የኋላ አምፖሎች እያንዳንዳቸው 21 ዋት፥ በድምሩ 42 ዋት ናቸው፤ ይህም በ12 ቮልት ባትሪ 3.5 አምፔር ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ አምፖል ቢቃጠል ኃይሉ በግማሽ ይቀንስና ፍላሸሩ ፍጥነቱን ይለውጣል፥ ወይም ብልጭ ድርግም ማለቱን ይተዋል። ሰውም የተቃጠለውን አምፖል ሳያይ ፍላሸሩ ተበላሸ ይላል።

ምርመራው በሚከተለው ተራ ቢካሄድ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አንደኛ፥ ሁለቱም ወገን ይሞከር። አንዱ ወገን በደንብ ሠርቶ ሌላው እንቢ ካለ፥ ፍላሸሩ ለሁለቱም ወገን የሚያገለግል አንድ ዕቃ ስለ ሆነ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በማይሠራው ወገን ያሉት አምፖሎች ወጥተው ይታዩ፤ የተተካውም አምፖል 21 ዋት መሆኑ ይረጋገጥ።

ሁለተኛ፥ ኃይሉ የሚመለስበት መንገድ ይመርመር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብረት በመወደዱና በመጥፋቱ የላንድሮቨር አካል ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በብረት ሻንሲ ላይ ተቀመጠ። አሉሚኒየምና ብረት በሚጋጠሙበት ቦታ ውኃና ጭቃ ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የሚወጣውም ነጭ ዱቄት ኃይሉን ይከለክላል። አምፖሉ ደብዝዞ ቢበራ፥ ወይም ፍሬቻው ሲታዘዝ ሌላው የኋላ መብራት አብሮት ብልጭ ቢል ምልክቱ ይህ ነው። ለማረጋገጥ፥ ከሻንሲው ጋር ከተያያዘው የባትሪ ጫፍ አንድ ሽቦ ወስዶ አምፖሉ የሚሰካበትን ቤት ብረት መንካት ይበቃል። አምፖሉ ወዲያው ከደመቀ ጉድለቱ ተገኘ ማለት ነው፤ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ፥ ብሎኑን አጥብቆ፥ ግራሶ መቀባት ነው።

ሦስተኛ፥ ሁለቱም ወገን ካልሠራ ፊውዙ ይታይ። አራቱም ፍሬቻዎች በአንድነት የሚበሩበት የአደጋ ምልክት ያለው መኪና ከሆነ እርሱ ይሞከር። ይህ ሠርቶ የመታጠፊያው ምልክት ካልሠራ አምፖሎቹና የመመለሻው መንገድ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በፊውዙ፥ በእጀታው ወይም በፍላሸሩ ዘንድ ይፈለግ።

አራተኛ፥ ፍላሸሩ በመጨረሻ ይመርመር። የማስነሻው ቁልፍ ተከፍቶ እጀታው ወደ አንድ ወገን እንደ ታዘዘ፥ ወደ ፍላሸሩ የሚገቡት ሁለቱ ሽቦዎች ተነቅለው በአጭር ሽቦ ይገናኙ፤ የመኪናውን ብረት እንዳይነኩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምፖሎቹ ሳይጠፉ ቀጥ ብለው ከበሩ ፍላሸሩ በእውነት ተበላሽቷል። ካልበሩ ግን አዲስ ፍላሸር መግዛት ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

ዕቃውን ለሚያስመጣና ለሚሸጥ ነጋዴም ጥቂት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ፍላሸር በመልኩ ብቻ አይታዘዝም፤ ቮልቱ፥ የሚሸከመው ዋት፥ የእግሮቹ ቁጥር፥ በሙቀት የሚሠራ ወይም ኤሌክትሮኒክ መሆኑ በትእዛዙ ላይ ይጻፍ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ በተሠሩት ላንድሮቨሮች ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ነጌቲቩ ሆኗል። ለነጌቲቭ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር በቀድሞዎቹ ላይ ቢገባ አይሠራም፤ ሊቃጠልም ይችላል። እንዲሁም ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው አዲስ አምፖል የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በሙቀት የሚሠራውን ፍላሸር ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ይህን አምፖል የሚሸጥ ሰው ለእርሱ የተሠራውን ፍላሸር አብሮ ማቅረብ፥ ወይም ቢያንስ ለገዥው መንገር ይገባዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ በብርጭቆ ወረቀትና በአንድ አምፖል የሚድነው ጉድለት ችላ ቢባል በመንገድ ላይ ሕይወትና ንብረት ያስከፍላል። ስለዚህ ባለ ሱቅ ፍላሸር ለሚጠይቀው ደንበኛ ዕቃውን ከመስጠቱ አስቀድሞ «ሁለቱም ወገን ነው ወይስ አንዱ ብቻ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የአንድ ቀን ሽያጭ ቢቀርበትም ደንበኛውን ለብዙ ዘመን ያቆየዋል።