የብድር ታሪክ ስለሚባለው ነገር



በሾላ ገበያ ዕቁብ የሚጥሉ ነጋዴዎች አዲስ ሰው ሲያስገቡ ጠባዩን ይጠይቃሉ። ባለፈው ዕቁብ በቀኑ ይጥል ነበርን? ዕጣው ቀድሞ ከወጣለት በኋላስ መክፈሉን አላቋረጠምን? ይህን ዳኛውና ጸሐፊው ያውቁታል፤ ካላወቁትም ዋስ ይጠራል። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤ ባለው ሰፈር የሰው ስም ሲመረመር የኖረው እንዲህ ነው።

ባንክ ግን ስለ እናንተ የሚጠይቀው ጎረቤት የለውም፤ ስለዚህ በመዝገብ ይመራል። በአገራችን መዝገቡ ያለው በብሔራዊ ባንክ ዘንድ ሲሆን፤ አሠራሩን የሚወስን መመሪያ በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል። አበዳሪዎች ማን ምን ያህል እንደ ተበደረና እንዴት እንደ ከፈለ ያስታውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ይመለከቱታል። መዝገቡ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስለሚታወቅ፤ ባንክ መቀየር ዕዳን አይሰውርም።

በአሜሪካ ይህ ታሪክ ከ300 እስከ 850 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፤ ከነጥቡም 35 በመቶ የሚሆነው በቀኑ በመክፈል የሚገኝ ነው። ነጥቡ ያነሰ ሰው የብድር ካርድ ይከለከላል፤ ቢያገኝም ወለዱ ይከብደዋል። እኛ ዘንድ በብዙዎቻችን ኪስ ያለው ካርድ የገዛ ገንዘባችንን የምናወጣበት ስለ ሆነ፤ ዘወትር ብንጠቀምበትም የብድር ታሪክ አያስገኝም። ሆኖም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ፤ የደንበኛውን አጠቃቀም እየመዘነ ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር መስጠት ጀምሯል።

አንድ የማውቀው የየካ ነዋሪ፤ የመንግሥት ሠራተኛ፤ ለእኅቱ ባል ሲል በራሱ ስም ተበደረ። እሱ ከሥራው ቀርቶ አያውቅም፤ ደመወዙም ተጓድሎ አያውቅም። ከዓመታት በኋላ ለቤት ማደሻ ብድር ሲጠይቅ፤ የረሳው ዕዳ በስሙ ተመዝግቦ ጠበቀው። «ገንዘቡን እኮ እኔ አልበላሁትም!» ቢል፤ መዝገቡ የሚያውቀው ፈራሚውን ነው። ዘመድን መርዳት ደግ ነው፤ ሆኖም ከመፈረም ይልቅ ያላችሁን ቈርሳችሁ መስጠት ሳይሻል አይቀርም።

ብድራችሁን ስትጨርሱ ዕዳ የሌለባችሁ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀብላችሁ አኑሩ፤ የተከፈለው እንዳልተከፈለ ተጽፎ ከተገኘም ያንኑ ይዛችሁ ወደ አበዳሪው ሂዱ። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ስትዛወሩ ደግሞ፤ ከደመወዛችሁ የሚቆረጠው ክፍያ መቀጠሉን ራሳችሁ ጠይቁ፤ የቀድሞው ሒሳብ ክፍል ማቋረጡን ላይነግራችሁ ይችላልና።