“ባጃጄ በውሃ ነው የሚሄደው” ላላችሁ ሰው ይቺን ሂሳብ አሳዩት

ቪዲዮውን ሳታዩት አልቀራችሁም። አንድ ጠርሙስ ውሃ፣ ሁለት ስቴንለስ ብረት፣ አንድ የመኪና ባትሪ። ውሃው ይንተከተካል፣ በቱቦው የሚወጣው ጋዝ ክብሪት ሲጠጋው “ቧ!” ይላል። ከዚያ “በቃ፣ ቤንዚን ቀረ!” ይባላል።

ወልቂጤ ወይ ቡታጅራ ላይ ባጃጅ የሚነዳ፣ ነዳጅ ፍለጋ ቀኑን የሚያቃጥል ልጅ ይህን አይቶ “እኔስ ብሞክረው?” ቢል አይፈረድበትም። ግን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሂሳቡን አብረን እንሥራው።

🔹 ጋዙ እውነት ነው፣ ወሬው ነው ውሸት

ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስትለቁ ውሃው ለሁለት ይከፈላል። በኔጋቲቩ በኩል ሃይድሮጅን፣ በፖዘቲቩ በኩል ኦክስጅን ይወጣል። ይህ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል፤ ከታወቀ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሃይድሮጅኑም ይነዳል።

ችግሩ ውሃ ነዳጅ አለመሆኑ ነው። ሃይድሮጅን ሲነድ የሚቀረው ነገር ውሃ ነው። ማለትም ውሃ የሃይድሮጅን “አመድ” ነው። አመዱን መልሳችሁ ከሰል ለማድረግ፣ ከሰሉ ሲነድ የሰጠውን ጉልበት በሙሉ መልሳችሁ መክፈል አለባችሁ። ከዚያም በላይ፣ ምክንያቱም በየመንገዱ የሚባክን አለ።

🔹 እስቲ በቁጥር

የቪዲዮውን ዕቃ እንውሰድ። ሁለት ብረት፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ 10 አምፒር፣ ለ1 ሰዓት።

👉 የከፈላችሁት ኤሌክትሪክ፦ 120 ዋት ሰዓት
👉 ያገኛችሁት ሃይድሮጅን፦ 0.37 ግራም ገደማ፣ በጉልበት ሲሰላ 12 ዋት ሰዓት

ከ10 ብር 9ኙን ጣላችሁ ማለት ነው። የት ሄደ? ውሃው ሞቀ። ያገኛችሁት ጋዝ ከ1.5 ሚሊ ሊትር ቤንዚን አይበልጥም፤ የሻይ ማንኪያ ሲሶ እንኳን አይሞላም።

አሁን ኤሌክትሪኩ ከዲናሞ ይምጣ እንበል። ዲናሞው ከሞተሩ ነው የሚወስደው፣ ሞተሩ ደግሞ ከቤንዚኑ። የሞተሩና የዲናሞው ብክነት ሲደመር ያንን 120 ዋት ሰዓት ለማመንጨት ወደ 100 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ይነዳል። 100 ሰጥቶ 1.5 መቀበል! “ነዳጅ ይቆጥባል” ተብሎ የሚሸጠው ኪት እንግዲህ ይሄ ነው።

🔹 ታዲያ እንዴት ነው በደንብ የሚሠራው?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ውሃን ለመክፈል በሳይንሱ የሚያስፈልገው ቢያንስ 1.23 ቮልት ብቻ ነው። በተግባር 2 ቮልት አካባቢ ይበቃል። የቪዲዮው ሰውዬ በሁለት ብረት መሀል 12 ቮልት ሲለቅ፣ ለ2 ብር ዕቃ 12 ብር እየከፈለ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ 7 ብረት ደርድሩና ባትሪውን ከሁለቱ ዳርና ዳር ጋር ብቻ አገናኙት። ፈሳሹ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እስካላለፈ ድረስ በመሀል 6 ክፍሎች ይፈጠራሉ፣ ለእያንዳንዱ 2 ቮልት ይደርሰዋል። በዚያው 120 ዋት ሰዓት አሁን 2.2 ግራም ሃይድሮጅን፣ ማለትም 75 ዋት ሰዓት ታገኛላችሁ። ከ10 በመቶ ወደ 60 በመቶ ገደማ! አዲስ ማሽን አልተገዛም፣ አደራደሩ ብቻ ተቀየረ። (ባጃጁን ግን አሁንም አያዋጣውም።)

ፋብሪካ የሚሠራቸው ማሽኖች ይህንኑ ሐሳብ ነው የሚያሻሽሉት፦

1. ብረቶቹን ማቀራረብ። ኤሌክትሪኩ በፈሳሹ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ሲያጥር ብክነቱ ይቀንሳል፣ ዕቃውም ያንሳል።
2. መሀል ላይ ስስ ሽፋን ማስገባት። ሁለቱ ጋዞች እንዳይቀላቀሉ ይለያያቸዋል።
3. ላዩን በኒኬል ወይም በሌላ ሥራውን በሚያፋጥን ብረት መሸፈን። አንዳንድ ማሽኖች ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ይጠቀማሉ፤ ውድ የሚሆኑትም ለዚህ ነው።

ለምሳሌ ኤናፕተር የተባለው ኩባንያ አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል ማሽን ይሠራል። 2.4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያነሰ ማለት ነው። 24 ሰዓት ሲሠራ 1 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጅን ይሰጣል።

ስለዚህ “ሃይድሮጅን አመርታለሁ” ለሚላችሁ ሁሉ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ “ለ1 ኪሎ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ትጨርሳለህ?” ጥሩ ማሽን ከ50 እስከ 55 ይላል። መልስ ከሌለው ወሬ ነው።

🔹 “ወልቂጤ ላይ እኮ የሚጠጣ ውሃ የለም!”

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የካቲት 2015 ወልቂጤ ላይ ሰው ውሃ ጠይቆ አደባባይ ወጥቶ ሕይወት ጠፍቷል። በዚህ ከተማ “ውሃን ነዳጅ እናድርግ” ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል።

ቁጥሩ ግን የሚያስገርም ነው። ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን የሚበቃው የተጣራ ውሃ 10 ሊትር አካባቢ ነው። ሲጣራ የሚጣለው ተጨምሮበት እንኳን ነገሩ ከአንድ ቢጫ ጀሪካን ብዙ አይርቅም። በዚያ ላይ የሚያልቀው ኤሌክትሪክ ግን ባለ 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድን ለ15 ሰዓት ያስጋግራል። ማነቆው ውሃው ሳይሆን መብራቱ ነው። ስለዚህ በሃይድሮጅን ወጥ መሥራት አይታሰብም፤ መብራቱን በቀጥታ ምድጃው ላይ መሰካት ይሻላል።

ሌላ ጣጣም አለ። ያ 1 ኪሎ ጋዝ ሳይታመቅ በወልቂጤ ከፍታ ላይ 15 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። 750 ጀሪካን ማለት ነው! ለማመቅ ደግሞ ሌላ መብራት፣ ሌላ ብር።

🔹 ታዲያ ለምን ይጠቅማል?

ለማዳበሪያ! ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ፣ አሞኒያ ደግሞ ከሃይድሮጅንና ከአየር ላይ ከሚገኝ ናይትሮጅን ነው። ነሐሴ 2017 ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴው ፋብሪካ (2.5 ቢሊዮን ዶላር) ሃይድሮጅኑን የሚያገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ግን በውሃና በመብራትም ይቻላል። ግብፅ ከአስዋን ግድብ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ለአሥርት ዓመታት የዓባይን ውሃ እየከፈለች ማዳበሪያ ስታመርት ኖራለች፤ በኋላ ነው ወደ ተፈጥሮ ጋዝ የዞረችው። እኛ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀ 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ አለን። የጉራጌ ገበሬ በየክረምቱ የሚጠብቀው ዩሪያ ከገዛ ውሃችንና መብራታችን ይሠራ ይሆን? የሚያከራክረው ጥያቄ ይሄ ነው፣ የባጃጁ አይደለም።

⚠️ ሞክራችሁ ለማየት የምትፈልጉ ካላችሁ

• የገበታ ጨው አትጨምሩ። የሚወጣው ክሎሪን ነው፣ ሳንባ ይጎዳል።
• ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተቀላቅለው በጠርሙስም በፌስታልም አይጠራቀሙ። ያ ፈንጂ ነው።
• ሃይድሮጅን አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲደርስ ይቀጣጠላል፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። ቤት ውስጥ አትሞክሩት።
• ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋል። ያለ መነጽርና ጓንት አይነካ።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ፣ ቡታጅራ ቴክኒክና ሙያ የምትማሩ ደግሞ፦ በ12 ቮልት ከ60 በመቶ በላይ የሚያስገኝ ትንሽ ሞዴል በላብራቶሪ፣ በመምህር ክትትል መሥራት ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይወጣዋል። ዋናው ነገር ፍንዳታውን ሳይሆን ቁጥሩን ማሳየት ነው።

ይህን ኪት ልትገዙ ስትሉ የተረፋችሁ ወይም ገዝታችሁ የተቆጫችሁ አላችሁ? ኮሜንት ላይ ንገሩን። ኪቱን ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት 👇