ሴት ውሻ ያለችው ሰው ምን ያድርግ?

ቡችላ ሲመረጥ ሁሉም ወንዱን ያነሣል። ሴቷ ትተርፋለች። የተረፈችው ወንዝ ዳር ወይም ገበያ መንገድ ላይ ትጣላለች። ጅብ ካልበላት አድጋ ባለቤት የሌላት ውሻ ትሆናለች። እሷም በተራዋ ትወልዳለች።

ሴት ውሻ የምትጠላው ለምንድን ነው? ጥበቃ ስለማትችል አይደለም። ሌባም ጅብም ሲመጣ ከወንዱ እኩል ትጮኻለች። የምትጠላው ስለምትወልድና የሰፈሩን ወንድ ውሻ ሁሉ ደጃፍ ላይ ስለምትሰበስብ ነው። ለዚህ ደግሞ መላ አለው።

መጀመሪያ ጊዜዋን እንወቅ። ብዙዋ ውሻ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ዕድሜ ወንድ መሻት ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ትሻለች። በየጊዜው 3 ሳምንት ያህል ይቆያል። መጀመሪያ ብልቷ ያብጣል፤ ደምም ይታያል። ያን ጊዜ ወንዱን አትቀበልም፤ ትነክሰዋለች። ከሳምንት ግድም በኋላ ደሙ እየፈዘዘ ይሄዳል። ብዙ ሰው «በቃ፣ አለቀላት» ብሎ የሚፈታት ይኼኔ ነው። የምታረግዘው ግን ያኔ ነው! ከ2 ወር በኋላ ትወልዳለች። በአንድ ጊዜ 5 ብትወልድ፣ በዓመት ሁለቴ 10 ቡችላ ነው። 10 ቡችላ የሚቀበል ጎረቤት ያለው ማን ነው?

ያልተከተበ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ መንገድ ያገኛል። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የዱር አውሬም አልተረፈም። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በሽታው በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ከሀገራችን ሌላ የትም የለም።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? አንዱ 3ቱን ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ መዝጋት ነው። ደጅ ማሠር አይበቃም፤ ወንዱ አጥር ይዘላል። ሁለተኛው ማምከን ነው። የእንስሳት ሐኪም በማደንዘዣ አስተኝቶ ማህፀኗንና እንቁላል የሚያፈሩትን ሁለት አካሎች ያወጣል። በሬ የሚቀጠቅጥ ሰው ይህን አይሞክር፤ ይገድላታል።

አንዲት እናት «ልጄ፣ አንዴ እንኳ ሳትወልድ ማምከን ግፍ አይሆንም ወይ?» አሉኝ። ግፍስ ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ወንዝ መጣል ነው፣ እማማ! ለጤናዋ አንዴ መውለድ አለባት የሚባለውም እውነት አይደለም። እንዲያውም ያልመከነች ውሻ ከሻች ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። ውኃ ታበዛለች፣ መብላት ትተዋለች፣ ሆዷ ይነፋል። አንዳንዴ መግሉ ይፈሳል፣ አንዳንዴ ውስጥ ይቀራል። ቶሎ ካልታከመች ትሞታለች። የመከነች ይህ አያሰጋትም።

ማምከን ጣጣ የለውም አልልም። አንዳንዷ ስታረጅ ሽንት ያመልጣታል። ትወፍራለችም ይባላል፤ አጥንት ለቃቅማ ለምታድር የገጠር ውሻ ግን ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ትልቁ ችግር ሐኪሙ ነው። ቀዶ ሕክምናው በየወረዳው አይገኝም፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ካልተገኘ መዝጋቱ ይቅደም፤ የእብድ ውሻ ክትባቱም በየዓመቱ አይቅር።

ሐኪም ያገኘ ሰው በምትሻበት ሰሞን አይውሰዳት፤ ደም ይበዛባታል። ከቀዶው በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ደረቅና ንጹሕ ቦታ ትታሠር። ቁስሉን እንዳትልስ ልጆች ይጠብቋት። ካበጠ ወይም ከሸተተ ወደ ሐኪሙ ትመለስ።