ከምርቃት አበባ የጽጌረዳ ተክል ስለ ማብቀል

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር እኅቴ አዲስ አበባ ላይ ስትመረቅ ዐሥራ ሁለት ቀይ ጽጌረዳዎች ያሉበት እቅፍ አበባ ተሰጣት። እርሱንም በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለን በደብረ ብርሃን በኩል ወደ አገራችን ወደ ዘመሮ ይዘነው ወጣን። እናታችን አበባውን አገላብጣ ካየች በኋላ «ይህን ያህል ብር የወጣበት ነገር በሳምንቱ ሊጣል ነው? ትከልልኝ እንጂ!» አለችኝ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መሆኔን ባስረዳትም «ታዲያ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው ለምንድን ነው?» ስላለችኝ ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ሰባቱን ዘንግ ከነአበባቸው ጓሮ ውስጥ ቸከልኋቸው። በዐሥር ቀን ውስጥ ሁሉም ደረቁ። ቀሪዎቹን ከመንካቴ በፊት ግን የሥነ ሕይወት ተማሪ የሆነ ወዳጄን በስልክ ጠየቅሁት፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ከእርሱ የሰማሁትንና በኋላ አንብቤ ያረጋገጥሁትን ነው።

የተቆረጠ ዘንግ ገና አልሞተም። ከልጣጩ በታች ስስ አረንጓዴ ሽፋን አለ፤ በዚያም ውስጥ የሚገኙት ሕዋሳት ራሳቸውን የማባዛት ችሎታ አላቸው። ቅጠሉና ለጋው ጫፍ ኦክሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ታች ይልካሉ፤ ይህም በተቆረጠው ጫፍ ሲጠራቀም ሕዋሳቱ ሥር ወደ መሆን ይለወጣሉ። ስለዚህ ዘንጉን ገልብጦ መትከል ዋጋ የለውም። ችግሩ ጊዜ ነው። ሥሩ እስኪወጣ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ቅጠሉ ግን በየሰዓቱ ውሃ ያተናል፤ አበባውም ዘንጉ ያጠራቀመውን ስኳር ይበላል። የእኔ ሰባቱ የሞቱት በጥም ነው ማለት ይቻላል። በተጨማሪም የገበያ አበባ ከእርሻው ተቆርጦ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀናትን ያሳለፈ ስለ ሆነ ስንቁ አስቀድሞ ተመናምኗል።

እንግዲህ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አበባው ሳይረግፍ፣ ቅጠሉም ሳይጠወልግ ዘንጉን ማንሣት ያስፈልጋል። አበባው ተቆርጦ ይጣላል። ከመካከሉ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው፣ አንድ ስንዝር ያህል ቁራጭ ይወሰዳል። የታችኛው ጫፍ በተሳለ ምላጭ ከአንጓው ሥር ልክ እንደ አዲስ ይቆረጣል፤ በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ የቆየው ጫፍ በባክቴሪያ ይደፈናልና። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ይቀራል። ከዚያም ግማሽ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ አፈር በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት አንጓ እስኪቀበር ድረስ ይተከላል። የቆርቆሮው ቂጥ መበሳት አለበት፤ ውሃ የተኛበት ዘንግ ይበሰብሳል። በመጨረሻም ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ይደፋበታል፤ በውስጡ የሚታፈነው እርጥበት ቅጠሉን ያኖረዋል። ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን ከነጠርሙሱ ይቀቅለዋል። በሞቃት ስፍራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ እንደ እኛ ባለ ብርድ አገር ደግሞ ከዚያም በላይ መታገሥ ነው። ሥር አወጣ አላወጣ ብሎ እየነቀሉ ማየት (እኔ አንዱን የገደልሁት በዚህ ነው) ፈጽሞ አይገባም።

ዘንጉን ድንች ውስጥ ወግቶ መቅበር ይበጃል ሲሉ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ድንቹ ጥሩ አድርጎ በቀለ፤ ጽጌረዳዋ ሞተች።

በሆለታ፣ በዝዋይና በቢሾፍቱ ያሉት የአበባ እርሻዎች ብዙውን ጊዜ ጽጌረዳውን በገዛ ሥሩ አያሳድጉትም፤ እንደ ናታል ብሪየር ባለ በሌላ ብርቱ ጽጌረዳ ሥር ላይ ያጣብቁታል እንጂ። ይህም ምርቱን ያበዛዋል። ለመንዝ ግቢ ግን በገዛ ሥሩ የቆመው ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። ምክንያቱም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጭ ይወርዳል፤ የተጣበቀው ተክል ከላይ ቢቃጠል ከሥሩ የሚያቆጠቁጠው ያ የማይፈለገው ሌላው ዓይነት ነው፤ በገዛ ሥሩ የቆመው ግን ከታች ቢያቆጠቁጥ ያው ራሱ ነው።

አንድ ነገር ላሳስብ። ብዙዎቹ የገበያ ጽጌረዳዎች ባለቤት አላቸው። አገራችንም በ1998 ዓ.ም. ስለ ዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ አውጥታ በኋላ በሌላ ተክታዋለች። አንድ ተክል ለእናት ጓሮ ማብቀል ሌላ፣ እያባዙ መሸጥ ሌላ ነው።

ከአራቱ ቁራጮች ሁለቱ ሻገቱ፤ አንዱን ከላይ እንደ ተናገርሁት ነቅዬ ገደልሁት፤ አንዱ በመስከረም መጨረሻ ከአንጓው ቀይ ለጋ ቅጠል አወጣ። የውርጩን ወራት ከነቆርቆሮው ቤት ውስጥ አሳለፈና በመጋቢት፣ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ወደ ጓሮ ወረደ። እናቴ ፍየል እንዳይደርስበት ዙሪያውን በቀጋ እሾህ አጠረችው። እረኞች ፍሬውን የሚበሉት ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ መሆኑን፣ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካም በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው የጽጌረዳ ወገን እርሱ እንደ ሆነ ስነግራት «አበባውማ ያው ነው፤ ነጭ ሆነ እንጂ» ብላ አጥሯን ቀጠለች።