በሲኮች የጸሎት ቤት ስለሚገባ ክብርና ስለ አድማጭነት
(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ሲኖር፥ ወይም በገዛ አገሩ ሆኖ የሌላ አገር ሰው ወዳጅ ሲያፈራ፥ በሠርግም ሆነ በኀዘን ምክንያት ወደማያውቀው የጸሎት ቤት የሚጠራበት ቀን ይመጣል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችንን የሚያስጨንቀን የውጭው ነገር ነው። «ምን ልልበስ? የት ልቀመጥ? መቼ ልነሣ?» እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «ከገባሁ በኋላስ ልቤን የት ላኑረው?» የሚለው ነው። የሲኮች ሃይማኖት ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አጥብቆ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ንግግሬ ስለ ጸሎት ቤታቸው ሥርዓት ጥቂት ለመግለጽ አስቤአለሁ።

ሲኮችን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በጥምጥማቸውና በማይቆረጠው ጢማቸው ነው። ቁጥራቸው በዓለም ላይ ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሲሆን፥ የሚበዙት በሰሜን ሕንድ በፑንጃብ ክፍል ይኖራሉ። ከዚያ ወጥተው በእንግሊዝ፥ በካናዳ፥ በአሜሪካና በምሥራቅ አፍሪካ የሠፈሩትም ጥቂቶች አይደሉም። በሄዱበት ሁሉ ጉርድዋራ የሚባለውን የጸሎት ቤት ይሠራሉ። በጎረቤታችን በኬንያ፥ ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በማኪንዱ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. የተሠራ ጉርድዋራ አለ። በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ዘሩና ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ ይበላል፤ ያርፋል። ስለዚህ በናይሮቢም ሆነ በሎንዶን ወይም በቶሮንቶ የሚኖሩ ወገኖቻችን የዚህ ቤት እንግዶች መሆናቸው ሩቅ ነገር አይደለም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

«ሲክ» ማለት ተማሪ፥ ደቀ መዝሙር ማለት ነው። የተማሪ የመጀመሪያ ሥራው ደግሞ መስማት ነው። የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ ናናክ በ1469 ዛሬ በፓኪስታን ግዛት ውስጥ ናንካና ሳሂብ በሚባለው ስፍራ ተወለዱ። ትምህርታቸውን ያስተማሩት በመዝሙር ነው። በየአገሩ ሲዘዋወሩም ማርዳና የሚባል ሙስሊም ወዳጃቸው ረባብ የተባለውን የአውታር መሣሪያ እየመታ ይከተላቸው ነበር። ናናክ ከደረሷቸው መዝሙሮች መካከል ጃፕጂ የሚባለውን ሲኮች በየማለዳው ይደግሙታል። በዚህ ጸሎት ውስጥ አራት ተከታታይ ክፍሎች ስለ መስማት ብቻ ይናገራሉ፤ ስለ ማመን የሚናገሩት አራት ክፍሎች የሚመጡት ከእነርሱ በኋላ ነው። ከቅደም ተከተሉ እንደምንረዳው ጆሮ የእምነት በር ተደርጎ ተቆጥሯል።

ከናናክ በኋላ ዘጠኝ መሪዎች በተራ ተነሥተዋል። አምስተኛው ጉሩ አርጃን የቀደሙትን መሪዎች መዝሙሮች፥ የራሳቸውን ጨምረው፥ እንዲሁም እንደ ካቢርና እንደ ሼክ ፋሪድ ያሉ ከሲክ ወገን ያልነበሩ መንፈሳውያን ሰዎች የደረሷቸውን ሰብስበው በአንድ መጽሐፍ አዘጋጁ። መጽሐፉም በ1604 በአምሪትሳር ከተማ፥ ዛሬ ወርቃማው ቤተ መቅደስ እየተባለ በሚጠራው ስፍራ ተቀመጠ። አሥረኛው መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1708 ሊሞቱ ሲቃረቡ፥ ከእንግዲህ ወዲያ በሰው አካል የሚመጣ ጉሩ እንደማይኖርና መጽሐፉ ራሱ ጉሩ እንደሚሆን አዘዙ። ጉሩ ግራንት ሳሂብ የሚባለው ይህ መጽሐፍ 1430 ገጽ ያለው ሲሆን፥ የሚበዛው ክፍል በየዜማው ስልት ተከፋፍሎ የተጻፈ ነው። ሲኮች የሚያመልኩት አንድ አምላክን እንጂ መጽሐፉን አይደለም፤ መጽሐፉን የሚያከብሩት ግን ሕያው መምህርን እንደሚያከብሩ አድርገው ነው። የሥርዓቱ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ወደ ጉርድዋራ የሚገባ ሰው ወደ አዳራሽ የገባ ሳይሆን፥ በመናገር ላይ ወዳለ መምህር ፊት የቀረበ ሰው ነው።

ይህን ከያዝን የውጭው ሥርዓት ሁሉ ግልጥ ይሆንልናል። እንግዳው ጫማውን ያወልቃል፤ እጁን ይታጠባል፤ ራሱን ይሸፍናል። ጫማ ማውለቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ራስን መሸፈን ግን ለወንዶቻችን ልብ የሚባል ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ወንድ ምእመን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ባርኔጣውን የሚያነሣው ለማክበር ነው፤ በጉርድዋራ ግን ወንድም ሴትም ራስን ገልጦ መግባት ነውር ነው። አንዱ ሕዝብ ክብር ብሎ የሚያደርገውን ሌላው እንደ ድፍረት ሊቆጥረው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። መሸፈኛ ላልያዘ እንግዳ ብዙውን ጊዜ በበሩ አጠገብ ንጹሕ ጨርቅ ይቀመጥለታል። ትምባሆ ይዞ ወይም መጠጥ ጠጥቶ መግባት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ መጽሐፉ በድባብ ሥር፥ ከፍ ባለ አትሮንስ ላይ በጌጠኛ መጎናጸፊያ ተከብሮ ይታያል፤ በኋላው የተቀመጠው አገልጋይም ለንጉሥ እንደሚደረገው ጭራ ያወዛውዝለታል። ሲኮች ቀርበው ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይሰግዳሉ። ከሌላ ሃይማኖት የመጣ እንግዳ ሕሊናው ካልፈቀደለት ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሥቶ ቢቀመጥ ማንም አይቀየመውም። ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ላይ እግርን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። እግርን ወደ መጽሐፉ መዘርጋት ወይም ለመጽሐፉ ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥ ነውር ነው። በብዙ ቦታ ወንዶችና ሴቶች በየወገናቸው ይቀመጣሉ።

እዚህ ላይ በመሥሪያ ቤት ልማድ ያደግን ሰዎች ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እኛ በየስብሰባው የፊት ወንበር ለማን እንደሚሰጥ፥ ማን ከማን እንደሚቀድም ማየት ለምደናል። በጉርድዋራ ለሹም ተብሎ የተለየ መከዳ ወይም ወንበር አይዘረጋም፤ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው መጽሐፉ ብቻ ነው። ለታመመና ለአረጀ ሰው መቀመጫ ቢሰጥ ስለ ድካሙ እንጂ ስለ ማዕረጉ አይደለም። ይህም ከማዳመጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ በመቀመጫው ከፍታ የሚኮራ ወይም በዝቅታው የሚቆጭ ሰው የሚነገረውን ሊሰማ አይችልምና።

የጸሎቱ ጊዜ የሚበዛው ክፍል ኪርታን ይባላል፤ ይኸውም የመጽሐፉን መዝሙር በዜማና በመሣሪያ ማሰማት ነው። ዜማው ቢያስደስትም ጭብጨባ የለም፤ ለዘማሪው ችሎታ አድናቆት የሚገለጥበት ትርኢት አይደለምና። በጾም ወራት በገና ሲደረደር የሚሰማ ሰው ምን ዓይነት ጸጥታ እንደሚጠበቅበት የሚያውቅ አድማጭ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በ1945 የጸደቀው የሲኮች የሥነ ምግባር ደንብ በጉባኤው ፊት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲደረግ ያዝዛል፤ መዝሙር ከሆነ መዝሙር፥ ንባብ ከሆነ ንባብ፥ ትርጓሜ ከሆነ ትርጓሜ። በተጨማሪም መጽሐፉን ያለ ማቋረጥ በአርባ ስምንት ሰዓት ገደማ አንብቦ የመጨረስ ልማድ ስላለ፥ ደንቡ አንባቢውን ያስጠነቅቃል፤ አድማጩ ሊከተለው እስከማይችል ድረስ ቸኩሎ ማንበብ መጽሐፉን እንደ መናቅ ይቆጠራል። እንግዲህ ማዳመጥ የአድማጩ ግዴታ ብቻ አይደለም፤ የሚያሰማውም ሰው እንዲሰማ አድርጎ የማሰማት ዕዳ አለበት።

ነገር ግን ጸጥ ብሎ መቀመጥና ማዳመጥ አንድ አይደሉም። ይህን የሚያስረዳ በሲኮች ዘንድ በጣም የታወቀ ትረካ አለ። ናናክ ለማስተማር ከመውጣታቸው በፊት በሱልጣንፑር ከተማ፥ በገዢው በዳውላት ካን ዘንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ እንደኛው የመንግሥት ሠራተኛ ማለት ነው። በኋላም እንደሚተረከው ገዢውና የከተማው ቃዲ ናናክን አብረዋቸው እንዲጸልዩ ወደ መስጊድ ወሰዷቸው። ሁለቱ ሲሰግዱ ናናክ ቆመው ቀሩ። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ገዢው ተቆጥቶ «ስለ ምን ከእኛ ጋር አልጸለይህም?» ቢላቸው «ከማን ጋር ልጸልይ? ቃዲው ቤቱ የተወለደችው ውርንጭላ ከውኃ ጉድጓድ እንዳትገባበት ሲሠጋ ነበር፤ አንተም በካቡል ፈረስ ስትገዛ ነበርህ» ሲሉ መለሱ። ሁለቱም ነገሩ እውነት መሆኑን አመኑ ይባላል።

የዚህ ትረካ ፍሬ በአንድ ሃይማኖት ላይ የተነገረ ነቀፋ አይደለም። ጉዳዩ ሁላችንንም ይነካል። ሥጋችን ከምንጣፉ ላይ ሆኖ ልባችን ፈረስ ገበያ የዋለበት ጊዜ የለም የሚል ማነው? በእኛ ዘመን ደግሞ ፈረሱም ውርንጭላውም በእጅ ስልክ ውስጥ ገብተው ከኪሳችን ተቀምጠዋል። ስልክን መዝጋት፥ ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ አለማንሣት፥ ከጎን ካለው ሰው ጋር አለማንሾካሾክ በጉርድዋራ የሚጠበቅ ጨዋነት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን ከስልኩ ጋር ሐሳብንም መዝጋት ነው።

በመጨረሻ አርዳስ የሚባለው የማኅበር ጸሎት ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ሁሉም እጁን አጋጥሞ ይቆማል፤ አንድ ሰው ስለ ሁሉ ይጸልያል። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ወደ ፊት መራመዱን ትቶ ባለበት ይቆማል እንጂ በቆሙት መካከል አይመላለስም። ከዚያ በኋላ ሁሉ ተቀምጦ ሁከም ይሰማል። ሁከም ማለት ትእዛዝ ነው። አንባቢው መጽሐፉን እንደ አጋጣሚ ይከፍትና ከተከፈተው ገጽ ያገኘውን መዝሙር ያነባል። ምእመኑ ያን ቃል ለዚያ ቀን ለእርሱ እንደ ተነገረ አድርጎ ይቀበለዋል። ይህ ሲነበብ መነሣት ወይም መንቀሳቀስ መምህር ትእዛዝ ሲሰጥ ጥሎ እንደ መውጣት ይቆጠራል።

ቀጥሎ ካራህ ፐርሻድ የሚባል፥ ከስንዴ ዱቄት፥ ከስኳርና ከተነጠረ ቅቤ እኩል የተሠራ ጣፋጭ ምግብ ለሁሉ ይታደላል። እንግዳው ተቀምጦ ሁለት እጁን አጋጥሞ ይቀበላል፤ ጥቂት እንዲሰጠው መለመንም ይችላል። የጾም ቀን የሆነበት የእኛ ሰው ቅቤ እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ። የማይቀበል ከሆነ እጁን አጋጥሞ ራሱን ዝቅ በማድረግ በትሕትና ይለፈው እንጂ፥ ተቀብሎ መጣል ትልቅ ነውር ነው።

ከጸሎቱ በኋላ ላንገር የተባለው የማኅበር ማዕድ ይቀርባል። ሥጋ የለበትም፤ ምስር፥ አትክልት፥ ሩዝና ቂጣ ይበዛበታል፤ ወተትና ቅቤ ግን ሊኖርበት ስለሚችል ጿሚ ሰው መጠየቅ ይገባዋል። ሁሉም በአንድ መደዳ ተቀምጦ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላል። በሦስተኛው መሪ በጉሩ አማር ዳስ ዘመን የሕንድ ንጉሠ ነገሥት አክባር ሊጎበኛቸው በመጣ ጊዜ እርሱም እንደ ሌላው ከመደዳው ተቀምጦ በላ ተብሎ ይተረካል። በአምሪትሳር ዛሬም በየቀኑ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በነፃ ይመገባል። ሳህን የሚያጥበውና ቂጣ የሚጋግረው በፈቃዱ የሚያገለግል ሕዝብ ነው። እንግዳም ሳህን ለማጠብ ቢነሣ በደስታ ይቀበሉታል። የሚበላውን ያህል ብቻ መቀበልና ሳህን ላይ አለማስተረፍም የአክብሮት ምልክት ነው።

ምናልባት አንዳንድ አድማጭ «መዝሙሩ በማላውቀው ቋንቋ ሲዜም ምን ልሰማ ነው?» ይል ይሆናል። በእውነቱ በሌሎች አገሮች በሚገኙ ብዙ ጉርድዋራዎች የመዝሙሩ ትርጉም በግድግዳ ላይ ተጽፎ ይታያል። ባይኖርም እንኳ አያሳስብም። ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ሌሎች የሚሰሙትን ነገር ባያውቅ፥ እንዴት እንደሚሰሙ ሊያይ ይችላል። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍና፥ ሕፃኑ በአባቱ ጭን ተቀምጦ፥ ባለሥልጣኑ ከአትክልተኛው ጎን ሆኖ ለአንድ ቃል ጆሮውን ሲሰጥ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

የሌላውን ሰው ጸሎት በአክብሮት መስማት ሃይማኖትን መለወጥ አይደለም። የራሱን እምነት አጽንቶ የያዘ ሰው የሌላውን በጸጥታ ለመስማት አይፈራም። ጫማ ማውለቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ራስን መሸፈንም እንዲሁ። ልብን ከገበያ መልሶ በተቀመጡበት ቦታ ማኖር ግን የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው፤ ይህንንም ከጸሎት ቤት ወጥተን በቢሮአችን ጠረጴዛ ፊት ለቆመው ባለ ጉዳይ ብናውለው፥ ዓይናችን እርሱን እያየ ሐሳባችን ሌላ ቦታ ባይሆን፥ ከእንግድነታችን ትልቅ ነገር ይዘን ተመለስን ማለት ነው።